ቆሽት ሲደክም፦ የፖል ላንገርሃንስ ሕይወት ለግሸን ተጓዥ የስኳር ሕሙማን

መስከረም 21 እየተቃረበ ነው። ከአገራችን አራቱም ማዕዘን ወደ ደቡብ ወሎ፣ አምባሰል፣ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚጓዙ ምዕመናን ስንቃቸውን እያዘጋጁ ነው። ከእነዚህ ተጓዦች መካከል ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። መድኃኒታቸውን ቤት ትተው ለመሄድ የሚያስቡም አሉ።

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ከእንዲህ ዓይነት ሕሙማን ጋር ስነጋገር የሚያነሱት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እየወሰዱ፣ ጣፋጭ ትተው፣ ቀጠሮ አክብረው እየመጡ፣ በዓመታት ውስጥ አንዱ ኪኒን ሁለት፣ ሁለቱ ደግሞ መርፌ የሆነባቸው ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። አንዳንዱ ሐኪሙን፣ አንዳንዱም መድኃኒቱን ይጠረጥራል። ተስፋ ቆርጦ መድኃኒቱን የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ይህን ጥያቄ የሚመልስለት ያጣ ሰው ነው።

መልሱ ያለው ከጨጓራችን ጀርባ በተጋደመው ቆሽት ውስጥ ነው። ዛሬ ወደዚያ የምንገባው በአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ በኩል ነው። ይህ ሰው ካረፈ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ግን በዓለም ላይ ባሉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይጠራል። በእርስዎም ሆድ ዕቃ ውስጥ በእሱ ስም የሚጠራ ነገር አለ።

የሐኪሙ ልጅ

ፖል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1847 በጀርመን በርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱም ሐኪም ነበሩ። ልጅየው በመጀመሪያ በዬና ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በትውልድ ከተማው በርሊን ሕክምና ተማረ። በበርሊን ካስተማሩት መካከል ሩዶልፍ ቪርኾ ይገኙበታል። ቪርኾ በሽታ የሚጀምረው የአካላችን ትንሿ ክፍል ከሆነችው ሕዋስ እንደሆነ ያስተማሩ፣ የዘመናቸው ታላቅ ሊቅ ነበሩ። ስለዚህ በእሳቸው ዘንድ የሚማር ወጣት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ መዋል የግድ ነበር።

ላንገርሃንስ በዚህ ሥራ ተዋጣለት። ገና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ የሰው ቆዳ ላይ የወርቅ ውሕድ የሆነ ማቅለሚያ ተጠቅሞ ቅርንጫፍ ያላቸው ሕዋሳት አገኘ። እሱ የነርቭ ሕዋሳት መስለውት ነበር። ዛሬ የምናውቀው ግን የቆዳችን የበሽታ መከላከያ ዘቦች መሆናቸውን ነው። ይህ እስኪታወቅ 100 ዓመት ገደማ አልፏል። እነዚህም ሕዋሳት እስካሁን በስሙ ይጠራሉ።

መቅደላ ከወደቀች ከ10 ወራት በኋላ

ዋናው ግኝቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1869 ነው። ጊዜውን በእኛ ታሪክ ለመለካት ያህል፣ እዚያው ወሎ ውስጥ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸው ካለፈ ገና 10 ወራቸው ነበር። ላንገርሃንስ በዚያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት ነው። ለዶክትሬት መመረቂያ የመረጠው ርዕስ የቆሽት ጥቃቅን አሠራር ነበር።

ቆሽት ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ አመንጭቶ በቱቦ ወደ አንጀት እንደሚያፈስ በዚያን ጊዜም ይታወቅ ነበር። ላንገርሃንስ የጥንቸል ቆሽት ወስዶ በቱቦው በኩል ሰማያዊ ቀለም አስገባና በማይክሮስኮፕ መረመረው። ዘጠኝ ዓይነት ሕዋሳትን ለይቶ ጻፈ። ዘጠነኛዎቹ ከሌሎቹ የተለዩ ነበሩ። ትንንሽ፣ ጠርዛማና ጥርት ያሉ ሲሆኑ በየቦታው በቡድን በቡድን ተሰባስበው ይታያሉ። የአንዱ ቡድን ስፋት ከሚሊ ሜትር ሩብ አይበልጥም።

ላንገርሃንስ ያየውን በትክክል ከጻፈ በኋላ የእነዚህን ሕዋሳት ሥራ እንደማያውቅ በግልጽ አስፈረ። ላላወቀው ነገር መልስ አልፈጠረም። ጽሑፉም ከ30 ገጽ ብዙም የማይበልጥ ነበር።

ሐይቅ እስጢፋኖስን የተሳለመ ሰው እነዚህን ሕዋሳት በዓይነ ሕሊናው ለማየት አይቸገርም። ገዳሙ ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል እንጂ ጥንት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። የላንገርሃንስ ሕዋሳትም እንደዚያ ናቸው። ዙሪያቸውን ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ የሚያመርተው የቆሽት ሥጋ ከቧቸዋል፤ እነሱ ግን በመካከሉ የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። በአንድ አዋቂ ሰው ቆሽት ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ደሴቶች አሉ። ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ግን ከጠቅላላው ቆሽት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆኑ ነው።

ዘጠነኛዎቹ ሕዋሳት ምን ይሠራሉ?

ላንገርሃንስ ያላወቀውን ዛሬ እኛ እናውቃለን። በደሴቶቹ ውስጥ ካሉት ሕዋሳት የሚበዙት ቤታ ሕዋሳት ይባላሉ። እርስዎ እንጀራ በሽሮ ሲመገቡ እንጀራው ወደ ስኳር ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ከዚያ ጥቂቱ ወደ ቤታ ሕዋስ ይዘልቃል። ሕዋሱ ስኳሩን አንድዶ ኃይል ያገኛል፤ የኃይሉ መጨመር ራሱ ስኳር በደም ውስጥ መብዛቱን ይነግረዋል። በዚህ ጊዜ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባና አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠው ኢንሱሊን ወደ ደም ይለቀቃል።

አለቃቀቁ ሁለት ዙር አለው። የመጀመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ የሚወጣው ዝግጁ ክምችት ነው። ሁለተኛው ዝግ ብሎ ለሰዓታት የሚቀጥለው ነው። ኢንሱሊን ጡንቻና ስብ ስኳሩን እንዲወስዱ ያደርጋል፤ ጉበትም ካከማቸው ስኳር ወደ ደም መልቀቁን እንዲቀንስ ያዝዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እርስዎ ሳያውቁት በየዕለቱ፣ በየማዕዱ ነው።

ጤናው የከዳው ሐኪም

ወደ ላንገርሃንስ እንመለስ። ከተመረቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1870 ከጂኦግራፊ ሊቅ ኪፐርት ጋር ወደ ግብፅና ፍልስጤም ተጓዘ። በዚያም በመምህሩ በቪርኾ ጥያቄ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን አጠና። ሲመለስ አገሩ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ገጥማ ነበርና ከቁስለኞች ጋር አገለገለ። በ1871 በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሥራ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ፕሮፌሰር ሆነ። ያኔ ዕድሜው 30 እንኳ አልሞላም።

እ.ኤ.አ. በ1874 ግን የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በዚያ ዘመን ለቲቢ መድኃኒት አልነበረም። በሽታ አምጪው ባክቴሪያ እንኳ ገና አልታወቀም። ሐኪሞች የሚያዙት ዕረፍትና ለሳንባ የሚስማማ አየር ነበር። ላንገርሃንስ ወደ ጣሊያንና ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፤ የሚፈልገውን ያህል አልተሻለውም። በ1875 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በምትገኘው በፖርቹጋል ደሴት ማዴይራ፣ ፉንሻል ከተማ ተቀመጠ። የደሴቶቹን ሕዋሳት ያገኘው ሰው ቀሪ ዘመኑን በደሴት ላይ አሳለፈ።

ዩኒቨርሲቲውን፣ ቤተ ሙከራውንና ማዕረጉን ትቶ ነበር። ሳንባው የፈቀደለትን ያህል ግን ሠራ። ማይክሮስኮፑን ወደ ባሕር ትሎች አዞረና ስለ እነሱ የጥናት ጽሑፎች አሳተመ። እንደሱ ሳንባቸው ታሞ አየር ፍለጋ ወደ ፉንሻል የሚመጡ እንግዶችን አከመ። በ1885 የአንድ ሟች ታካሚውን ባለቤት አገባ። በዚያው ዓመት ማዴይራን ለሚጎበኙ ሰዎች የሚሆን መመሪያ መጽሐፍ አወጣ። ቲቢ ከያዘው በኋላ ለ14 ዓመታት ኖረ።

በመጨረሻ የከዳው ኩላሊቱ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1888፣ 41 ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ሲቀረው አረፈ። በፉንሻል በሚገኘው የእንግሊዞች መካነ መቃብር ተቀበረ። በአገራችን ክፉ ቀን የምንለው ረሀብ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ከሞቱ በኋላ የተፈታው እንቆቅልሽ

ላንገርሃንስ በሞተ በዓመቱ፣ በ1889፣ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሐኪሞች በስትራስቡርግ የአንድ ውሻ ቆሽት አወጡ። ውሻው ብዙ ሽንት የሚሸና፣ ሽንቱም ስኳር ያለበት ሆነ። የስኳር ሕመም ከቆሽት ጋር እንደሚያያዝ በዚህ ተረጋገጠ። በ1893 ፈረንሳዊው ኤድዋር ላጌስ የላንገርሃንስን ጽሑፍ አስታውሶ ያልታወቁትን የሕዋስ ቡድኖች በስሙ ደሴቶች ብሎ ሰየማቸው፤ የስኳሩን ምስጢር የያዙትም እነሱ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገመተ።

በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት የተገኘውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደና ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ኢንሱሊን የሚለው ስም የመጣው በላቲን ደሴት ማለት ከሆነው ቃል ነው። እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ በየዕለቱ ኢንሱሊን ሲወጉ፣ ያ የ21 ዓመት ተማሪ በጥንቸል ቆሽት ውስጥ ያያቸው ደሴቶች ማምረት ያቃታቸውን ነው የሚተኩት።

ቆሽት ማረር

በአማርኛ እጅግ ስንበሳጭ ቆሽታችን አረረ እንላለን። በዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ቤታ ሕዋሳትን የሚያጋጥማቸው ከዚህ አባባል ብዙም አይርቅም። ሕዋሳቱ የሚደክሙት በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም።

አንደኛው የሥራ ብዛት ነው። ሆድ አካባቢ ስብ ሲከማችና እንቅስቃሴ ሲቀንስ ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን ትእዛዝ ቸልተኛ ይሆናሉ። ቆሽት ያንኑ ሥራ ለመሥራት ከበፊቱ የበለጠ ኢንሱሊን ማምረት ይኖርበታል። ለዓመታት ሲሠራ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የማምረቻው ክፍል ይጨናነቃል። በትክክል ያልተሠራ ኢንሱሊን ይከማቻል። መሸከም ያቃተው ሕዋስም ራሱን ያጠፋል።

ሁለተኛው ስኳሩ ራሱ ነው። የደም ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ቤታ ሕዋስን ይመርዛል። ከፍ ያለ የደም ስብም ጉዳቱን ያባብሳል። የደከመ ሕዋስ ስኳርን ያስጨምራል፤ የጨመረው ስኳር መልሶ ሕዋሱን ያደክማል።

ሦስተኛው ዝቃጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ዩጂን ኦፒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በስኳር ሕሙማን ደሴቶች ውስጥ ብርጭቆ የመሰለ ነገር ተጋግሮ አየ። ቤታ ሕዋሳት ከኢንሱሊን ጋር አብረው የሚያወጡት ፕሮቲን እየተጋገረ እንደሚፈጥረው ዛሬ ታውቋል።

አራተኛው መዘንጋት ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2012 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት አንዳንድ ቤታ ሕዋሳት አይሞቱም፤ ሥራቸውን ትተው ኢንሱሊን የማይሠራ ሕዋስ ይሆናሉ። ይህ ግኝት ተስፋም አለው፤ ያልሞተ ሕዋስ ጫናው ሲነሳለት ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል።

ቀድሞ የሚጠፋው ያ በደቂቃዎች ውስጥ የሚወጣው የመጀመሪያ ዙር ኢንሱሊን ነው። በዚህ ደረጃ ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ ከምግብ በኋላ ብቻ ስኳሩ ከፍ ይላል። ውኃ ጥሙ፣ የሽንት መብዛቱና ክብደት መቀነሱ የሚመጡት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1977 ጀምሮ ለ20 ዓመታት የዘለቀ ጥናት አዲስ የስኳር ሕመም የተገኘባቸውን ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች ተከታትሏል። በሽታው በታወቀበት ዕለት የቤታ ሕዋሳቱ የመሥራት አቅም በአማካይ ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር። ስሌቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ማሽቆልቆሉ የጀመረው ከ10 ዓመት በፊት እንደሆነ ጠቁሟል። ከምርመራው በኋላም አቅሙ ቀስ በቀስ መቀነሱን ቀጠለ። በዘጠነኛው ዓመት በአንድ መድኃኒት ብቻ ስኳራቸውን መቆጣጠር የቻሉት ከአራት ሰዎች አንድ ያህል ብቻ ነበሩ።

ውድ አንባቢ፣ የመድኃኒቱ መጨመር ምክንያት ይኸው ነው። ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ያለውን ኢንሱሊን እንዲያወጣ ይገፋዋል። የሚወጣው ሲያልቅ ግን ግፊቱ ዋጋ የለውም፤ ያኔ ኢንሱሊኑን ከውጭ መስጠት ያስፈልጋል። መርፌ ታዘዘልዎት ማለት ጥፋተኛ ሆነው ተገኙ ማለት አይደለም፤ የመጨረሻው ቀን ቀረበ ማለትም አይደለም። ቆሽትዎ ያነሰውን ይሞላሉ ማለት ነው።

ቀጭን ሰውስ?

የስኳር ሕመም የወፍራም ሰው በሽታ ብቻ ይመስለን ነበር። በአገራችን ግን ቀጭን ሆነው የሚታመሙ ብዙዎችን እናያለን። አንዱ ምክንያት ሁላችንም እኩል ቤታ ሕዋሳት ይዘን አለመጀመራችን ነው። እነዚህ ሕዋሳት በብዛት የሚራቡት በእናት ማኅፀንና በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ መተካታቸው እጅግ አዝጋሚ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በኔዘርላንድስ በደረሰው ረሀብ ወቅት በማኅፀን የነበሩ ሰዎች 50 ዓመት ሲሆናቸው ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ከሌሎች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ያየውን አንባቢ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን የተፀነሱና የተወለዱ ሰዎች ዛሬ የ40 እና የ50 ዓመት ጎልማሶች ናቸው። እርስዎ ከእነሱ አንዱ ከሆኑ ቀጭንነትዎን ዋስትና አድርገው አይቁጠሩ። በቅርብዎ ባለ ጤና ጣቢያ በባዶ ሆድ ይመርመሩ። ውጤቱ ከ100 በታች ከሆነ መልካም ነው። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ደሴቶችዎ መድከም ጀምረዋል፤ ሆኖም ለመከላከል ጊዜ አለዎት። በተደጋጋሚ ምርመራ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመም ነው።

ሕመሙ በቅርብ የተገኘበትና ክብደት ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ዕድል አለው። በ2017 ይፋ በሆነ የብሪታንያ ጥናት፣ ሕመሙ ከታወቀ ስድስት ዓመት ያላለፋቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ሰዎች በሐኪም ክትትል ክብደታቸውን በብዙ ቀንሰው፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ደረጃ በታች ሆኗል። በእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያው ዙር ኢንሱሊን እንደገና መታየት ጀምሯል። ጫናው ቀደም ብሎ ሲነሳ የዘነጋው ሕዋስ ሥራውን ያስታውሳል። ጊዜ በረዘመ ቁጥር ግን ይህ ዕድል ይጠባል።

ወደ ግሸን ሲወጡ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ተጓዡ እንመለስ። በየዓመቱ የሚያሳስበን ነገር አለ። አንድ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ትቶ ወደ ግሸን ይሄዳል። መኪና ከሚያደርስበት ወዲያ ያለውን ዳገት በእግሩ ይወጣል፤ ለቀናት ይመላለሳል፤ የሚበላውም ጥቂት ነው። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን የሚወስደው ብዙ ኢንሱሊን ሳይፈልግ ስለሆነ በእነዚያ ቀናት ስኳሩ በእርግጥ ይቀንሳል፤ ጤንነትም ይሰማዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ እንደማያስፈልገው ያምናል። ቤቱ ሲመለስ መቀመጡና መብላቱ እንደ ወትሮው ይሆናል፤ የሞቱት ቤታ ሕዋሳት ግን አልተመለሱም። ስኳሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ሕመሙ ሳይሰማው ወራት ያልፉና በዓይኑ፣ በኩላሊቱ ወይም በእግሩ ቁስል ይመጣል። መርፌ ተጠቃሚ ከሆነማ በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል።

እምነትዎና ሕክምናዎ የሚጣሉ አይደሉም። ጸበሉን ይጠጡ፤ መድኃኒትዎንም ይውሰዱ። ለጉዞው የሚከተሉትን ያስቡ።

ከመነሳትዎ ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ረጅም የእግር ጉዞና ጾም እንዳለብዎት ይንገሩት። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ መጠኑና ሰዓቱ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ይህን በራስዎ አያድርጉት።

መድኃኒትዎን ለጉዞው ከሚበቃው ጥቂት አስበልጠው ይያዙ፤ በእጅ ሻንጣዎ ይሁን እንጂ መኪና ጣሪያ ላይ አይጫን። ኢንሱሊን ፀሐይም በረዶም አይወድም። ቀን ከሙቀት ይከልሉት፤ የአምባው ሌሊት ብርዳማ ስለሆነ ደግሞ ውጭ አያሳድሩት።

ስኳር ወይም ከረሜላ ከኪስዎ አይጥፋ። ላብ ላብ ካለዎት፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ልብዎ ከመታ ወይም ግራ ከተጋቡ ስኳርዎ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይውሰዱ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙት። ቀጥሎ ምግብ ይብሉ። በጾም ላይ ቢሆኑም ይህ አይዘገይም። አብሮዎት ለሚጓዝ ሰው ሕመምዎን አስቀድመው ያሳውቁ።

በባዶ እግር አይውጡ። ለብዙዎች የአክብሮት ምልክት መሆኑን አውቃለሁ። ይሁንና የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ይቀንሳል፤ ጠጠሩ ሲወጋዎት ላይሰማዎት ይችላል። የለመዱትን ጫማ በንጹሕ ካልሲ ያድርጉ፤ በቅጥር ውስጥ ጫማ ሲያወልቁ ካልሲውን አያውልቁ። ማታ ማታ እግርዎን፣ በተለይ ውስጥ እግርና የጣቶች መካከል፣ በብርሃን ይመልከቱ ወይም ሰው ያሳዩ።

ውኃ ይጠጡ። ካስመለሰዎት፣ ትንፋሽዎ ከፈጠነ፣ ወይም በጣም ከተጠሙና ከደከሙ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ባለሙያ ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ።

ከግሸን ሲመለሱ አብረው ይዘውት የሚመጡት አንድ ነገር ይኑር፤ እሱም እርምጃው ነው። ዳገት ባያገኙ እንኳ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን በፈጣን እርምጃ ይራመዱ። የቀሩት ቤታ ሕዋሳት ጫናቸው የሚቀንሰው፣ ዕድሜያቸውም የሚረዝመው እንዲህ ነው። ቀጠሮዎንም ሳያሳልፉ ስኳርዎን ይለኩ።

ላንገርሃንስ ያገኛቸው ሕዋሳት ምን እንደሚሠሩ ሳያውቅ አረፈ። ሳንባው ከታመመም በኋላ በቀረው አቅም 14 ዓመት ሠርቷል፤ በእሱ ዘመን ለሕመሙ የሚሆን መድኃኒት ግን አልነበረም። ለእርስዎ ግን አለ፤ በሻንጣዎ ይያዙት።

መልካም ጉዞ፣ ሰላምና ጤና ለእርስዎና ለቤተሰብዎ!